የማን ውሃ ነው?

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ጅብ አንፈራም፤ ለምደነዋል። መብራት ቢጠፋም አንደነግጥም። የምንፈራው ንፋስ ነው። ካላመናችሁኝ ከላፍቶ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩና በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን አንዲት ጣት ያህል ከፈት አድርጉት። ገና እጃችሁን ሳትመልሱ ከኋላ ወንበር “ኧረ ወንድም፣ ዝጋው!” የሚል ድምፅ ይመጣል። አንዱ ሲያስል፣ ሌላዋ ስታስነጥስ፣ የሁላችንም ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ተጠራቅሞ ሲወርድ ማንም ቃል አይተነፍስም። እሱ አይገድልማ! የሚገድለው በዚያች ስንጥቅ የሚገባው ንጹህ አየር ነው። ይባስ ብሎ የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ በንፋስ ይጀምራል፤ እኛ ግን ንፋስን ከስሙ አልፎ ቤታችን እንዲገባ አንፈቅድለትም።

እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ የተሻልኩ አዋቂ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ፋይል ጠብቄአለሁ፤ አለቆች መጥተው ሄደዋል፣ ፋይሎቹና እኔ አለን። ኃላፊነቱን ከተረከብኩ ወዲህ አንድም መዝገብ ሻግቶ አያውቅም። ይህቺን ኩራቴን ለጊዜው ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

የምንኖረው ላፍቶ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ግራውንድ ላይ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ ምሕረትና የሰባት ዓመት ልጃችን ቤዛ። ቤዛን ብታውቋት በገመድ ዝላይ በግቢው የሚያህላት የለም። ገመዱን የሚያዞሩት ልጆች እጃቸው ዝሎ “በቃሽ!” ይሏታል እንጂ እሷ ደክሟት አትወጣም። ባለፈው ክረምት ሐምሌ ላይ ማሳል ጀመረች። የክረምት ሳል ነው አልን፤ ማር በሎሚ ሰጠናት። ሐምሌ አለቀ፣ ሳሉ አላለቀም። ደረቷ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ልጆቹ ይዘላሉ፣ ቤዛ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትቆጥርላቸዋለች። ቁጥሩንም ከአስር ማሳለፍ አቅቷት በየመሐሉ ታስላለች። እዚያው ቆሜ ይህን ሳል ከቤቴ ሳላስወጣ እንቅልፍ አልተኛም ብዬ ማልኩ። መሐላዬን ጠብቄአለሁ፤ ሳሉ ራሱ መቼ ያስተኛኛል?

መጀመሪያ የደረሱልን አማቴ እማማ ታደለች ናቸው። ልጅ ታመመች ሲባሉ ከሆሳዕና በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ ቆጮና ቅቤ ተሸክመው መጡ። ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቤዛን አቅፈው ጸለዩላት፣ ከዚያ ቀና ብለው ቤቱን አዩና ፍርድ ሰጡ፦ “ይህቺን ልጅ ብርድ ገብቷታል። ይኸው፣ በዚህ በኩል ነው የሚገባው!” ጣታቸው የጠቆመው የመኝታ ቤቱን መስኮት ነበር።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ታሸገ። መስኮት ተዘጋ፤ ስንጥቁ በጨርቅ ተወተፈ፤ በሩ ስር ፎጣ ተጠቅልሎ ተኛ። ውጭ ዝናብ ስለሆነ የሚታጠበው ልብስ ሁሉ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ይሰጣል። ጠዋትና ማታ የባሕር ዛፍ ቅጠል በትልቅ ድስት ይፈላና ቤዛ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትታጠናለች፤ ድስቱም እሷ ከወጣች በኋላ “ቤቱን ያሙቀው” ተብሎ መንተክተኩን ይቀጥላል። አማቴን እያማሁ እንዳይመስላችሁ። የመስኮቱን ጠርዝ በፕላስተር ዙሪያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለጥፍም የመሥሪያ ቤት ማኅተም እንደሚመታ ሰው በጥንቃቄ፣ አንዲት ቀዳዳ ሳላስቀር ነበር። እማማ ታደለች “ጌታ ይባርክህ፣ እጅህ ይባረክ” ብለው መረቁኝ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የሠርግ ሱፌን ፈልጌ ቁም ሳጥኑን ብከፍት ሱፉ አረንጓዴ ጺም አብቅሏል። ቁም ሳጥኑን ገፋ ሳደርግ ከኋላው ያለው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቁሯል። ሻጋታ! በእኔ፣ በመዝገብ ቤቱ አንበሳ ቤት፣ ሻጋታ ከሚስቴና ከልጄ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ክረምቱን አሳልፏል። ወዲያው ውሳኔ አሳለፍኩ፤ ነጭ ቀለምና ብሩሽ ገዝቼ ድራሹን አጠፋሁት። በሳምንቱ ቀለሙን ቀዶ ወጣ። ደግሜ ቀባሁት፤ ደግሞ ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ስቀባው ምሕረት በሩ ላይ ቆማ “ቀለሙን የወደደው ይመስላል” አለች። ምሕረት ስትናደድ ነው እንዲህ ዝግ ብላ የምትናገረው።

ቤዛ ባሰባት። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ወጣት ሐኪም ደረቷን አዳምጣ መድኃኒት አዘዘችና ቀና ብላ ቤታችን እርጥበት እንዳለው ጠየቀችኝ። እኔ ሆዬ ክብሬ ተነካ። ቤታችን ንጹህ ነው፣ በየቀኑ ይወለወላል አልኳት። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ስለ ንጽሕና እንዳልጠየቀችኝ፣ እርጥበትና ሻጋታ የልጅቷን የአየር መተላለፊያ እያስቆጡ ሳሉን እንደሚያባብሱት፣ በመድኃኒት ቢሻላትም ወደዚያው ቤት ከተመለሰች ሳሉም አብሮ እንደሚመለስ አስረዳችኝ። ሲጥ ሲጥታው ካልቆመ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንደምትልካት፣ እስከዚያው ግን እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ፈልገን እንድናገኘው አስጠነቀቀች። ፈልገህ አግኝ! ለመዝገብ ቤት ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ትእዛዝ አለ?

ብዙም አልፈለግሁ። ግድግዳው ጠቁሯል፤ ከግድግዳው በላይ ጣሪያ አለ፤ ከጣሪያው በላይ የጋሽ ሸምሱ ሻወር ቤት አለ። አለቀ፣ ደቀቀ። ጋሽ ሸምሱ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ጎፋ ጥራጥሬ የሚሸጡ፣ በስድስት ዓመት ጉርብትና ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ የማላውቅ የስልጤ ሰው ናቸው። እንደዚህ ያለውን ጎረቤት ሰው በሰላምታ ያናግራል። እኔ በደብዳቤ አናገርኳቸው። “ጉዳዩ፦ የውሃ ፍሳሽ እንዲያስቆሙልን ስለመጠየቅ” የሚል፣ ግልባጩ ለሕንፃው ኮሚቴ የሆነ፣ ሁለት ገጽ። ሁለተኛው ገጽ ላይ “ሕፃን ልጃችን በእርስዎ ውሃ እየታመመች መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን” ይላል። ስጽፈው እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!

ጋሽ ሸምሱ ደብዳቤውን በሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ውሃ የሚያፈስ ነገር እንደማያውቁ፣ ግን የወለላቸው ሴራሚክ ከልጅ ጤና እንደማይበልጥ ነገሩኝና “የቤዛ አባት፣ የልጅ ነገር ነው። ይፈረስ፣ ይታይ” አሉ። እስቲ አስቡት፤ በማግስቱ ባለቤታቸው ሻወር ቤቱን ባዶ አድርገው ጠበቁን።

ተሾመ የሚባል የሰፈራችንን ቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ወጣሁ። ተሾመ በመሮና በመዶሻ ወለሉን መፈልፈል ያዘ። እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ሐቁ እስኪፈልቅ እጠብቃለሁ። አንድ ሴራሚክ ተነሳ፤ ደረቅ። አምስት ተነሳ፤ ደረቅ። ግማሽ ወለሉ ተነስቶ ቧንቧው ራቁቱን ሲቀር ከስሩ የወጣው አቧራ ሁላችንንም አስነጠሰን። እኔ ግን “ትንሽ ወደ ግራ፣ ተሾመ” እላለሁ። ተሾመ መዶሻውን አስቀምጦ ግንባሩን በክንዱ ጠረገና “ጋሼ፣ እዚህ ቤት ያለው እርጥበት የኔ ላብ ብቻ ነው” አለኝ። ያን ጊዜ የፈረሰው ወለል ተከፍቶ ቢውጠኝ ምንኛ በወደድኩ፤ ግን ቢውጠኝ የምወድቀው እዚያው ሻጋታዬ ላይ ነው።

ጋሽ ሸምሱ አልተቆጡም። እንዲቆጡልኝ ፈልጌ ነበር። እጃቸውን ታጥበው “እስቲ እኔም ያንተን ቤት ልየው” ብለው ቀድመውኝ ወረዱ። ሲገቡ እማማ ታደለች የባሕር ዛፉን ድስት ሊያወርዱ ነው። ገመዱ ላይ የሳምንት ልብስ ተሰቅሏል። ጋሽ ሸምሱ እንደ ቤት ገዢ ቀስ ብለው ዞሩና መስኮቱ ጋ ቆሙ። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ፣ አነሱት፣ አሳዩኝ። ውሃው በክንዳቸው እየወረደ እጅጌያቸው ውስጥ ገባ። “ይህ የኔ ውሃ አይደለም፤ የናንተ ነው” አሉ። ከዚያ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እንደማያውቅ ሰው። መዝገብ ቤት ነው አልኳቸው። ክረምት ላይ ወረቀቱ እንዳይሻግት ምን እንደምናደርግ ጠየቁኝ። እዚህ ላይ ያቺን ኩራቴን መልሱልኝ።

ሥራዬን ሲጠይቁኝ አፌ አያርፍም። ጠዋት እንደገባን በግራና በቀኝ ያሉትን መስኮቶች ከፍተን አየሩን እናስተላልፋለን አልኩ። መደርደሪያዎቹን ከግድግዳ በአንድ ክንድ እናርቃለን አልኩ። እርጥብ ዣንጥላና ካፖርት ክፍሉ ውስጥ አናስገባም፣ ሻይ እንኳ አናፈላም፣ አንድ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ ማንቆርቆሪያ ጥዳ ብትገኝ በጽሑፍ አስጠንቅቄአታለሁ አልኩ። ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነበር። ምሕረት ገመዱ ላይ ያለውን ልብስ አየች፣ ድስቱን አየች፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቁም ሳጥን አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝ። ከመኝታ ቤት ቤዛ ሳለች።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይኸው ነው። የጡረተኞችን የፈቃድ ቅጽ በንጹህ አየር ሳኖር፣ ልጄን ፕላስተር ለጥፌባት ኖሬአለሁ። ቀልድ እወዳለሁ፤ ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ጋሽ ሸምሱን ከደረጃው ስር ሸኝቼ ስመለስ አይኔ ሞልቶ ነበር፤ ለማንም አትንገሩ።

ፕላስተሩን በለጠፍኩበት ጥንቃቄ ላነሳ ስል እማማ ታደለች መስኮቱ ፊት ቆሙ። ልጄን ድሬልህ የልጅ ልጄን በብርድ ልትጨርስብኝ ነው ወይ አሉኝ። በኢየሱስ ስም ይህ መስኮት አይከፈትም አሉ። ወዳጆቼ፣ ከአማት ጋር መከራከር በተፈረሰ ሻወር ቤት ውስጥ ከመቆም ይብሳል። ግን ደረጃው ላይ ተቀምጣ መቁጠር ያቃታት ልጅ ትዝ ትለኝና እልኬ ይመጣል። ምሕረት አስታረቀችን፦ መስኮት ሲከፈት ቤዛ ቤት ውስጥ ካልኖረች ማንን ይበርደዋል? እማማ ታደለች አሰቡበት። የት ትሂድ ታዲያ? አሉ። ሁላችንም ቀና ብለን ጣሪያውን አየን።

እናም በየማለዳው፣ እኔ ወለሉን ያፈረስኩበት ሰው ቤት፣ ልጄ በጋቢ ተጠቅልላ በአያቷ እጅ ትወጣለች። ጋሽ ሸምሱ በር ከፍተው “ነይ የኔ እመቤት” ይሏታል። ባለቤታቸውና እማማ ታደለች አንድ ሰሞን ካወሩ በኋላ ልጅቷን ረስተው በራሳቸው ጉዳይ መቀጣጠር ጀመሩ። እኔ ታች መስኮቱንና የበረንዳውን በር ለሃያ ደቂቃ ወለል አድርጌ እከፍታለሁ። ግድግዳውን እሷ በሌለችበት በሳሙናና በበረኪና አጠብኩ፣ አደረቅሁ፤ በላዩ መቀባቱን ተውኩ። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳ ራቀ። ልብሱ በረንዳ ወጣ፣ ድስቱ ክዳን አገኘ። መስታወቱን በየጠዋቱ በጨርቅ ጠርጌ ብርጭቆ ውስጥ እጨምቀዋለሁ፤ የመጀመሪያው ቀን ብርጭቆው ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ብርጭቆውን ለእማማ ታደለች ማስረጃ ብዬ አቀረብኩ። ይህን ሁሉ ስንተነፍሰው ነው ያደርነው አልኳቸው። አፍጥጠው አዩት። በሳምንቱ ውሃው ግማሽ ሆነ፤ ከዚያም ከጥፍር በታች። አንድ ቀን ማልጄ ስነሳ እማማ ታደለች ራሳቸው ቀድመውኝ መስኮቱን ከፍተው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ንፋሱን እንደ ባለዕዳ አፍጥጠው ሲያዩት አገኘኋቸው።

አሁን ስለ ሻወር ቤቱ ልንገራችሁ። የጋሽ ሸምሱ ወለል ፈርሶ ሲያድር እኔ እንዴት ዓይናቸውን ልይ? ተሾመ ሌላ ሥራ ስላለበት ከሦስት ቀን በኋላ መጥቼ እሠራዋለሁ፣ ከስሩ ውሃ የማያሳልፈውን ነገር እቀባለሁ፣ ውሃ አቁሜም አየዋለሁ ብሎኝ ነበር። ሦስት ቀን! እልከኛ ሰው ሦስት ቀን አይጠብቅም። በማግስቱ እሁድ ሲሚንቶ አቡክቼ፣ ተንበርክኬ፣ ሴራሚኩን አንድ በአንድ በገዛ እጄ መለስኩት። ሳስተካክለው ደግሞ አማረብኝ። ጋሽ ሸምሱ “ኧረ ተወው፣ ሠራተኛው ይምጣ” ሲሉኝ እንዳያሳፍሩኝ ለመንኳቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ሳያውቁ ሴራሚክ።

ጥቅምት ገባ። ፀሐዩ በረታ። ሐኪሟ የቤዛን ደረት ደግማ አዳመጠችና ሲጥታው እንደሌለ ነገረችን፤ መድኃኒቱን ቀነሰችላት፣ ቤቱን እንዲህ አድርገን እንድንይዘው አደራ አለችን። እማማ ታደለች ልጅቷን ጌታ እንደፈወሳት፣ መስኮት የከፈቱትም እሳቸው እንደሆኑ ለሆሳዕና ዘመድ ሁሉ በስልክ አወሩ። ሁለቱንም አልክድም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ። መስኮቱ ተከፍቷል። ውጭ ገመዱ መሬቱን ይመታል፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ልጆቹ “ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ሰባት” እያሉ ይቆጥራሉ፤ የምትዘለው ቤዛ ናት። አልሳለችም። እያዳመጥኩ ልቤ በደስታ ሞላ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሐምሌና ነሐሴን እንዲህ ያለ ጸጥታ አልሰማንም። ከዚያ በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ነገር ሰማሁ።

ጠብ።

ተነሳሁ። ጠብ። ቀና አልኩ። ከቁም ሳጥኑ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ የሻይ ሰሐን የምታህል ክብ እርጥበት አለች፤ በትክክል ከጋሽ ሸምሱ ሻወር ቤት ስር፣ በትክክል እኔ ከለጠፍኳቸው ውብ ሴራሚኮች ስር። በበጋ! ሳፋ አምጥቼ ደቀንኩ። ቆሜ አሰብኩ። ውሃው የእሳቸው ነው፤ ቀዳዳው የኔ ነው። ደብዳቤ ልጻፍ? ለማን? ጉዳዩን ምን ልበለው? ግልባጩን ለማን ላድርግ? ዝም ልበልና በሳፋ ልኑር ብዬም አሰብኩ፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ሃሳቡ ጣፍጦኝ ነበር። ግን ግድግዳው እንደገና ሊጠቁር፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የምትቆጥር ልጅ እንደገና ላይ ነው? አይሆንም! ስልኬን አንስቼ ተሾመን ጠራሁት፤ በዚህ ጊዜ እሱ ብቻ እንደሚሠራ፣ የፈለገውን ያህል ቀን እንደምጠብቀው ማልኩለት። ከዚያ ተሾመ ሲመጣ የሚያፈርስበትን መሮና መዶሻ ይዤ፣ ሐፍረቴን ውጬ፣ ደረጃውን ወጣሁና አንኳኳሁ።

ጋሽ ሸምሱ በሩን ከፈቱ። ፊቴን አዩ፤ ዝቅ ብለው መዶሻውን አዩ።

“የቤዛ አባት፣” አሉ፣ “አሁን ደግሞ ማን ሳለ?”

“ማንም አልሳለም፣ ጋሽ ሸምሱ፤ ጠብታው የተሰማኝም ለዚህ ነው” አልኳቸው።